በአባቶች የተመረቀ

እንጅባራ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫው ጣሪያ በላይ፣ የአያቴ ፊት ከነሙሉ ጥርሱ ተሰቅሎ አንድ ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ከርሟል። ሙሉ ጥርስ ያልኩት ለወግ ያህል አይደለም። አያቴ አያ ሽባባው በዚያ ዘመን ከፊት የቀሯቸው ሁለት ጥርሶች ነበሩ፤ ሌላውን ማስታወቂያውን የሰቀለው ኩባንያ ነው ያበቀለላቸው። ጢማቸውን አጥቦ አንጽቶታል፣ የግንባራቸውን ጠባሳም አጥፍቶታል። ከሥዕሉ ግርጌ በትልልቅ ቢጫ ፊደል «በአባቶች የተመረቀ ቴክኖሎጂ» ተብሎ ተጽፏል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በኔ ቤት እዚያ ከፍታ ላይ የሚሰቀል ሰው ወይ ሹም ነው ወይ ዘፋኝ። አያቴ ሲዘፍኑ ሰምቼ ስለማላውቅ ተሹመዋል ብዬ ደመደምኩ። ክፍላችን ውስጥ ያልነገርኩት ልጅ አልነበረም። አንዷ «ታዲያ መኪና ለምን አልሰጧቸውም?» ስትለኝ «መንገድ ላይ ነው» ብዬ መለስኩላትና፣ እኔው ራሴ አምኜው ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ መኪና እፈልግ ነበር።

አሁን ባሕር ዳር ስልክና የጌም ማሽን በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ጎረምሶች መስታወቱን ተደግፈው ይሟገታሉ። የኔ ኩባንያ ካንተ ይበልጣል፤ ያንተ ደንበኛውን ይዘርፋል፣ የኔ ያከብራል ይባባላሉ። ባሕር ማዶ ያለ፣ በስም የማያውቃቸው፣ ቢሞቱ ለቅሶ የማይደርስ ድርጅት ተሰደበ ብለው የደም ሥራቸው ይገተራል። ለእናቱ አንድ ቀን ተሟግቶ የማያውቅ ልጅ ለኩባንያ ጥብቅና ይቆማል። እኔ ዋጋውን ነግሬ ዝም እላለሁ፤ ደመወዜ ለመናቅ አይከፈለኝምና በነጻ ነው የምንቃቸው።

አባቴ አወቀ እንጅባራ ላይ ጌም ቤት ነበረው። ጌም ቤት ቢባል አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሦስት አሮጌ ማሽን፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ከእንጨት የተመታ አግዳሚ ወንበር። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ጭቃቸውን ይዘው ይገቡና በየተራ ኳስ ይጫወታሉ። ክፍሏ የረጠበ ሹራብና የተጠበሰ ድንች ትሸታለች። የማሽኖቹ ሽቦ በፕላስተር የታሰረ ነው፤ አንደኛውማ በጡጫ ካልተነገረው አይነሣም። ግን ይሠሩ ነበር፣ ቤታችንም በነሱ ይተዳደር ነበር።

ብሥራት የመጣው በገበያ ቀን ነው። በነጭ ፒክአፕ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ፣ ክራባት አስሮ፣ አንገቱ ላይ ፎቶው ያለበት ካርድ በገመድ አንጠልጥሎ። እንዳይጠፋባት እናቱ ያንጠለጠለችለት መስሎኝ አዝኜለት ነበር። እሱ ግን የድንቅ ዘመን ቴክኖሎጂ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የአካባቢያችን ኃላፊ ነው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል እንዲሉ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ገና ወንበር አስመጣ።

«ጋሽ አወቀ፣ ይህን ብረታ ብረት ለቁራሌው ስጠው» አለ አባቴን። «ድንቅ ቦክስ የማያልቅ ጌም በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ከኔትወርክ ጋር ይገናኛል፣ ራሱን በራሱ ያድሳል። እንዲህ ያለ ቤት ይዘህ በዚህ ማሽን ትሠራለህ?»

እንዲህ ያለው ቤት ጣሪያው ያፈስ ነበር። አባቴ ግን ቤቱን በብሥራት ዓይን አየውና ደስ አለው።

ከደንበኞቻችን አንዱ እንዳልካቸው የሚባል የኮሌጅ ተማሪ ነው። ስለ ማሽን ያለው እውቀት ከስልኩ ባትሪ ጋር አብሮ የሚያልቅ ልጅ ነው። «አንብቤአለሁ ጋሼ» አለ፤ «ኩባንያው ትልቅ ነው። ትልቅ ኩባንያ ደግሞ ስሙን ይፈራል።»

እናቴ እንቁ በሩ ላይ ተቀምጣ ድንች ትልጥ ነበር። «ስሙን የሚፈራ በድምፅ ማጉያ አይጠራውም» አለች።

ማንም አልሰማትም። አባቴ ወደ አዲስ ቅዳም መንገድ የነበረችንን የዲከረንስ ዛፍ ተክል ገና ለመቆረጥ ሳትደርስ ለከሰል አክሳዮች ሸጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በገንዘቡ አዳዲሶቹን ማሽኖች ገዛ፤ አሮጌዎቹን በእርግጥም ቁራሌው ወሰዳቸው። ሌሎች የጌም ቤት ባለቤቶችም እሱን አይተው ገዙ። ብሥራት ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ክራባቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ «ድንቅ ጌም ቤት» የሚል ታፔላ ሰቀለልን። መሰላሉን የያዝኩለት እኔ ስለነበርኩ ከዚያ በኋላ የኩባንያው ሠራተኛ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

ሁዳዴ የገባ ዕለት ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ላይ ተዘጉ። ቴሌቪዥኖቹ ሰማያዊ ሆኑና ጽሑፍ አወጡ። ማንበብ ስለምወድ ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ይህ መሣሪያ ለመኖሪያ ቤት ብቻ የተፈቀደ ነው። ለንግድ ሥራ ሲውል ስለተገኘ አገልግሎቱ ተቋርጧል። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

«አባዬ፣ ማሽኖቹም ጾም ያዙ እንዴ?» አልኩት።

አባቴ ሳቀ። በጣም ሳቀ። ሳስቀው ደስ ብሎኝ ደግሜ አልኩት፤ ደግሞ ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ የደስታ አለመሆኑን ያወቅኩት እኔም በተራዬ እንደዚያ የሳቅኩ ቀን ነው።

በሌሎቹም ጌም ቤቶች እንደዚያው ሆኖ ነበር። የተዘጋባቸው ሁሉ ቤታችን ተሰበሰቡ። እንዳልካቸው ደንበኛ እንጂ ባለቤት ሳይሆን አብሮ መጥቶ፣ «እውነቱን እንነጋገር ካልን ጥፋቱ የኛ ነው» አለ። «ማሽኑ ሲከፈት ‘እስማማለሁ’ የሚለውን ተጭነናል። ኩባንያው መብቱ ነው።»

«አንተ ስንት ይከፍሉሃል?» አለችው እናቴ።

ምንም አይከፍሉትም። የሚያናድደው እሱ ነው። ያ ልጅ ከኩባንያው አንዲት የጆሮ ማዳመጫ እንኳ በነጻ ሳያገኝ ሲከራከርለት አመሸ። እንጀራ የበላበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለበዳይ ሲፈርድ ትንሽ እንኳ አላፈረም። ዛሬ ሱቃችን መስታወት ላይ የሚደገፉት ሁሉ የእንዳልካቸው ወንድሞች ይመስሉኛል።

እንክሰስ ያለ ነበር፤ ጠበቆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፣ ማን ሥራ ፈትቶ ይመላለሳል ተባለ። ያኔ ነው አያቴ ከጥግ የተናገሩት።

አያቴ ባለጸጋ አልነበሩም። ሀብታቸው አንድ ነው፤ ይታመናሉ። ከዘንገና እስከ ጥሊሊ ድንበር የተገፋ፣ ሚስቱ ያኮረፈችው፣ ደም የተቃባ ሁሉ እሳቸውን ይጠራል። በአማርኛም በአዊኛም ያስታርቃሉ። ከሳሹም ተከሳሹም «አያ ሽባባው ካሉ ይሁን» ይላል። ይህን እምነት እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት። ከገበያ ከረሜላ አመጣልሻለሁ ብለውኝ ረስተው የመጡ ጊዜ፣ በራፉ ላይ ትዝ ብሏቸው በዝናብ ተመልሰው ሲሄዱ አይቻለሁ። «የዋሸ ሽማግሌ የተሰበረ ሚዛን ነው» ይሉ ነበር፤ «ትክክል ቢመዝንም ማንም አይገዛበትም።»

«ኩባንያም ቢሆን የሚያስተዳድረው ሰው ነው» አሉ ያን ምሽት። «ሰው ደግሞ ሽማግሌ ፊት አይቀጥፍም። እኔና ሐጂ ሙነወር እንሂድና እናናግራቸው።»

ሐጂ ሙነወር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከአያቴ ጋር ስንት ነገር አብረው አብርደዋል። እንግዲህ ይህ የኛ አገር ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት ነው። ባል ለሚስቱ፣ ገዳይ ለሟች ወገን እንደሚልከው፣ ለድርጅት ሽማግሌ ተላከ።

የኩባንያው ቢሮ ዳንግላ ነበር። እኔ አክስቴ ዘንድ ልቆይ ተብዬ በሚኒባስ አብሬአቸው ሄድኩ፤ አክስቴ ቤት ስላልነበረች ሽምግልናው ውስጥ ገባሁ። ቢሮው ወለሉ ያብረቀርቃል፣ የፕላስቲክ አበባ አለው፣ አዲስ ቀለም ይሸታል። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ሲያጎነብሱ ዘበኛው ሳቀ። ሶፋው ደግሞ ሰው ይውጣል። ሽማግሌ ነገር ሲናገር ቀና ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ አያቴ ግን ጉልበታቸው ከአገጫቸው ተካክሎ ነገሩን ጀመሩ።

«ልጄ፣ ልንከስህ አልመጣንም። ማሽኖቹን ስትሸጥ ለጌም ቤት መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ታፔላውን የሰቀልክ አንተ ነህ። አሁን ለጌም ቤት አይሆንም ብላችሁ ዘጋችሁባቸው። እውነት ነው ሐሰት?»

«እውነት ነው አባቴ» አለ ብሥራት።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ተከሳሽ እንዲህ ቶሎ ካመነ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ የሚቀረው ካሳና እርቅ ነው።

«የኩባንያው አባት ማን ነው? እሱንም ብናገኘው ደግ ነበር።»

«አባት እንኳ የለውም፤ ባለአክሲዮኖች ናቸው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው።»

«የተወሰነ ማለት?»

«ማለት፣ ኃላፊነት አለበት፤ ግን እስከ ተወሰነ ድረስ ነው።»

«እስከ የት ድረስ?» አሉ ሐጂ ሙነወር። ነጋዴ ናቸውና ጨርቅ ሳይለኩ አይቆርጡም።

ብሥራት ብድግ ብሎ አያቴ ጉልበት ላይ ወደቀ። ጉልበታቸውን ሳመ፣ ደግሞ ሳመ። «አባቶቼ፣ አጥፍተናል። ሰኞ ማሽኖቹ በሙሉ ይከፈታሉ። ቃሌ ነው።»

«ቃሉ ያንተ ነው የኩባንያው?» አሉ አያቴ።

«የሁለታችንም ነው።»

አያቴ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጫኑ። «ቃልህን ያጽናልህ። የያዝከውን ይባርክልህ። ሰው ፊት አያሳፍርህ። ከክፉ ይሰውርህ።» ሐጂ ሙነወር በየመሐሉ «አሚን» ይላሉ። ድምፃቸው ያን ባዶ ክፍል ሞላው። ደስ አለኝ፤ አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ክራባት ያሰረ፣ አያቴ እግር ሥር ተንበርክኮ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ካሜራ የያዘ ልጅ ከጥግ ወጣ። «አባቴ፣ እጅዎን ትንሽ ከፍ አድርገው አንዴ ይድገሙልኝ» አለ።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አሉ ሐጂ ሙነወር።

«ለማስታወሻ ነው አባቴ» አለ ብሥራት ከተንበረከከበት ሳይነሣ።

አያቴ ልጁ ምርቃቱ በዛ ያለ እንዲሆንለት የፈለገ መሰላቸው። እሳቸው ምርቃት ሲለመኑ አይሰስቱም። እጃቸውን ከፍ አድርገው ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ልጆችም ያብዛልህ የሚል ጨምረው፣ ደገሙለት። ብሥራት ረጅም ጊዜ ቀና አላለም። የሚያለቅስ መስሎኝ እኔም አብሬው አለቀስኩ። አሁን ሥራውን ስለማውቀው፣ ፎቶ ሲያነሡት እንዳይንቀሳቀስ ትንፋሹን ይዞ እንደነበር አውቃለሁ።

ስንወጣ አንድ ካርቶን አሸከሙን። እንጅባራ ደርሰን አያቴ ለአባቴ «ሰኞ ይከፈታል» አሉት። እኔ ካሳው ካርቶኑ ውስጥ ነው ብዬ ቀድሜ ከፈትኩት። የኩባንያው ስም ያለባቸው ኮፍያዎችና ጃንጥላዎች ነበሩ። አንዱን ኮፍያ አጠለቅኩት፤ አፍንጫዬ ድረስ ገባ። እናቴ አንዱን ጃንጥላ አንሥታ አየችና «ደህና ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ እንዘረጋዋለን» አለች።

ሰኞ አልተከፈተም። የሚቀጥለውም ሰኞ እንደዚያው ሄደ። አያቴ ብሥራት የሰጣቸውን ቁጥር በአባቴ ስልክ አስደወሉ። የሴት ድምፅ «ጥሪዎ ለኛ ክቡር ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ» አለ። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ያክብርሽ፣ እጠብቃለሁ» አሏት። ደገመችላቸው። «እየጠበቅኩ ነው ልጄ» አሉ። እንዲህ ሲመላለሱ ካርዱ አለቀ። የተቀዳ ድምፅ መሆኑን የሚነግራቸው ሰው በቤቱ አልነበረም፤ ወይም ሁሉም አፍሮ ዝም ብሏል። እኔ ግን ልጅቱ አያቴን ወዳቸዋለች ብዬ ነው ያሰብኩት።

ሥዕሉ የተሰቀለው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከሥሩ ኩባንያው ድንኳን ተክሎ ድንቅ ቦክስ በካርቶን በካርቶን ደረደረ። ሰውም ጎረፈ። ኩባንያውን የሚያምነው የለም፤ አያ ሽባባውን ግን ሁሉም ያምናል። የዘንገና ገበሬ የድንች ገንዘቡን ይዞ ለልጁ ሊገዛ መጣ፤ ከጥሊሊም መጡ። እኔ ሥዕሉን እያሳየሁ «አያቴ ናቸው» ስል፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለችው ሻጭ ከረሜላ ትሰጠኝ ነበር። ደንበኛ ፊት ደግሜ እንድለው ትጠይቀኛለች።

የተዘጋባቸው የጌም ቤት ባለቤቶች ቤታችን መምጣት ተዉ። አባቴ መንገድ ላይ ሰላም ሲላቸው አንገታቸውን ያዞራሉ። «ሽማግሌው በኮፍያ ተሸጡ» ይባል እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ስለ ዝምታቸው የነበረኝ ግምት ቅናት ነው የሚል ነበር። በዚያው ሰሞን ዘንገና አካባቢ ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣሉ። አያቴ እንደሚጠሩ ስለሚያውቁ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ከጠዋት ጀምሮ በራፉ ላይ ተቀመጡ። ጠሪው መጣ፤ ሰላምታ ሰጠ፤ አልፎ ወደ ሐጂ ሙነወር ቤት ሄደ። አያቴ ጋቢያቸውን ለብሰው እስከ ማታ ተቀመጡ። ትልቅ ሰው ስለሆኑ ለተራ ነገር ሊያስቸግሯቸው አልፈለጉም ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ራሴን አሻሸችኝ።

በማግስቱ አያቴ ድንኳኑ ድረስ ሄደው ብሥራትን አገኙት። እኔም ከረሜላዬን ብዬ ተከትያቸዋለሁ።

«አውርደው» አሉት።

«አባቴ፣ ሥዕሉ እኮ የኩባንያው ንብረት ነው።»

«ፊቱስ?»

«ፊቱ የእርስዎ ነው፤ ሥዕሉ ግን የኩባንያው ነው።» ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ አለ። አያቴ በትራቸውን በመሐል አስገቡና ከለከሉት። ሽማግሌ ጉልበቱን ሲከለክል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አሟቸዋል ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን አያቴ ሥዕላቸው ሥር የእንጨት ዱካ አስቀምጠው፣ እሱ ላይ ተቀምጠው መዋል ጀመሩ። ለሚገዛው ሁሉ «ልጄ፣ ይህን ዕቃ አትግዛ፤ ይዘጉብሃል» ይላሉ። የሚሰማቸው አልነበረም። የሰው ነገር አስገራሚ ነው። እላይ ያለውን፣ ጥርስ የተተከለለትን፣ ጠባሳ የሌለውን ሽማግሌ አምኖ ይመጣል፤ እታች ዝናብ የመታውን፣ አፉ ባዶ የሆነውን ሽማግሌ ገፍቶት ይገባል። ሻጮቹ «ድርሻ አንሶባቸው አኩርፈው ነው» ብለው ያስወራሉ። የባጃጅ ሾፌሮች «አያ፣ ከራስዎ ጋር ተጣሉ?» እያሉ ያሾፋሉ። አእምሮአቸው ተነክቷል የሚለውም ወሬ ደርሶኝ ስለነበር፣ እናቴ ምሳ አስይዛ ስትልከኝ ሳህኑን አስቀምጬ እንደማላውቃቸው ሆኜ ራቅ እል ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከአዲስ ቅዳም የመጣች ሴት ድንኳኑ ፊት ቆመች። ከሰል ነጋዴ ናት፤ የጥፍሮቿ ዙሪያ እንደጠቆረ ነው። ገንዘቧን ከመቀነቷ ፈትታ በእጇ ይዛለች። ልጇ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ ጌም ቤት ልትከፍትለት ነው። ብሥራት ራሱ ካርቶኑን አንሥቶ ያሳያታል።

«ልጄ፣ ተይ» አሉ አያቴ ከዱካቸው። «ለጌም ቤት ካልሽ ይዘጉብሻል። የኔንም ልጅ ዘግተውበታል።»

ሴትየዋ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብላ ሥዕሉን አየች። «እኔ እኚያን አባት አምኜ ነው የመጣሁት። እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

አያቴ ተነሡ። የራሳቸውን አሮጌ ኮፍያ አውልቀው ጠባሳቸውን በጣታቸው ነኩ። «ያ እኔ ነኝ» አሉ።

ሴትየዋ አንዴ ላይ አንዴ ታች ተመለከተች። ዓይናቸው ላይ ስትደርስ ለየቻቸው፤ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች። ብሥራት ቀደመና «አዎ፣ አባታችን ናቸው። ማሽናችንን መርቀውልናል፤ እሳቸው ራሳቸው ይንገሩሽ» አለ። ፈገግ ብሎ ነው የሚያወራው። ምን እንደሚመልሱ የሚያውቅ መሰለው።

«እውነት ነው?» አለች ሴትየዋ። «ባንደበትዎ መርቀዋቸዋል?»

«መርቄአለሁ።»

«ከልብዎ ነው? ወይስ ዋሽተው ነው?»

ሰው ቆመ። ድንች የሚያራግፉት ሳይቀሩ ዞሩ። ሐጂ ሙነወር ጨርቃቸውን አጥፈው ከሱቃቸው በር ላይ ቆመዋል። አያቴ የሴትየዋን እጅ፣ የያዘችውን ገንዘብ አዩ። ቀና ብለው የተሰበሰበውን ሰው አዩ፤ ያስታረቋቸው ነበሩበት፣ ልጆቻቸውን የዳሩላቸው ነበሩበት። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ሲያሹት ይታየኛል።

«ዋሽቼ ነው» አሉ። ድምፃቸው ያኔ ቢሮ ውስጥ እንደሞላው ገበያውን ሞላው። «ያን ቀን የተናገርኩት ምርቃት ውሸት ነበር። እኔ ሽባባው ውሸታም ሽማግሌ ነኝ። ስሙኝ፤ እኔን አምናችሁ ከዚህ ድንኳን ምንም እንዳትገዙ። እኔን አትመኑኝ።»

ሴትየዋ ገንዘቧን መልሳ ቋጠረች። ከኋላዋ የነበሩትም አንድ በአንድ ተበተኑ። ብሥራት «አባቴ፣ ይህ ስም ማጥፋት ነው» አለ። የማንን ስም እንደሆነ አልገለጸም። ሐጂ ሙነወር ብቻ መጥተው የአያቴን ጉልበት ሳሙ። የሽማግሌ ጉልበት ሌላ ሽማግሌ ሲስም አይቼ አላውቅም ነበርና ሐጂም አመማቸው አልኩ።

ድንቅ ዘመን ከዚያ ወር አላለፈም፤ ሥዕሉንም ድንኳኑንም ጠቅልሎ ሄደ። ዛሬ በሌላ ስም፣ በሌላ ሽማግሌ ፎቶ ሲሸጥ አያለሁ። ለኔም ስልክ ላይ «ውድ ደንበኛችን» እያለ ይልክብኛል፤ እንዳልካቸውም አሁን ለነሱ ሻጭ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። አባቴ ጌም ቤቱን ለድንች ማስቀመጫ አከራየው። አያቴን ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ ለሽምግልና የጠራ ሰው አልነበረም።

ያን ዕለት ዱካቸውን ተሸክሜ በጭቃው ወደ ቤት ስንመለስ ማንንም ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር። በየቤቱ በር ሰው ቆሞ ያየናል። ጠዋት የሹም ልጅ ነበርኩ፣ ማታ የውሸታም። ቤት ልንደርስ ስንል አላስችል አለኝ።

«አባባ፣ እውነት ዋሽተዋል? መቼ ነው የዋሹት?»

«ዛሬ» አሉኝ።

ጥያቄዬ አልገባቸውም፤ እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።